የትንኝ ማሽኑ የቆመበት ጥግ

ፀጉር አስተካካዩ የማሽኑን መረብ ፈትቶ ሲያራግፈው፣ የሞቱት ትንኞች እንደ ሻይ ቅጠል ጠቁረው መሬት ላይ ተከመሩ። ሚስቱ ከወንበሯ ሳትነሳ አንገቷን አስግጋ አየቻቸውና «እሰይ፣ የእጃችሁን አገኛችሁ» አለች። ልጃቸው ባዶ እግሯን እየሮጠች መጥታ ክምሩን በስንጥር ቆፈር ቆፈር አደረገችው።

ጓሮው ካለፈው ዝናብ ወዲህ የእነሱ አልነበረም። ልጅቷ ወባ ይዟት ከሞት አፋፍ ከተመለሰች በኋላ፣ ሚስቱ የጓሮውን በር ቆልፋ ቁልፉን በቀሚሷ ኪስ ይዛ ነበር የምትዞረው። ልብስ እንኳ የሚሰጣው በፊት ለፊት ሆነ። እሱም ቢጨንቀው በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራውን ማሽን ገዝቶ መጣ። ሻጩ እንዳስረዳው ጋዙ ሲቃጠል የሰው ትንፋሽ የሚመስል አየር ይወጣዋል፤ ትንኞቹ ሰው ያገኙ መስሏቸው ይመጣሉ፤ ማሽኑም እየሳበ መረቡ ውስጥ ይከታቸዋል።

ሻጩ ግን ሌላም ነገር ነግሮታል። «ሰው ከሚቀመጥበት አርቀው ያቁሙት። የጠራውን ሁሉ አይውጥም። የተረፈው አጠገቡ ባገኘው ሰው ላይ ነው የሚሰፍረው።»

አርቆ አቆመው። ታችኛው ጥግ፣ ከሽቦ አጥሩ ሥር። ከአጥሩ ማዶ፣ እጅ ቢዘረጉ በሚደረስበት ቦታ፣ የጎረቤታቸው የመኝታ ቤት መስኮት አለ። ሲያቆመው መስኮቱን አላየሁም ብሎ ራሱን ሊያታልል ሞክሯል። አይቶታል።

ጎረቤታቸው ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። ልጅቷን በእጃቸው የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ትኩሳቱ ያንቀጠቀጣት ጊዜም እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ እየለዋወጡ፣ እናትና አባቷን ተኙ ብለው አስተኝተው፣ እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ያነጉት እሳቸው ናቸው።

«ና እስቲ ወዲህ» አሉት አሁን በመስኮታቸው ብቅ ብለው።

መረቡን እንደያዘ ወደ አጥሩ ተጠጋ። ክንዳቸው ከእጅ አንጓቸው እስከ ክርናቸው በንክሻ ተዥጎርጉሯል፤ የታከከው ቦታ ጠቁሯል። የዘንድሮ ትንኝ ሌላ ነው አሉት፤ እዚህ ቤት ሲኖሩ እንዲህ ያለ መንጋ አይተው አያውቁም። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ብርድ ብርድ ይላቸዋል፣ ጉልበታቸውን ይቆረጣጥማቸዋል። እርጅና ይሆናል፤ ቢሆንም ነገ ጤና ጣቢያ ሄደው ደማቸውን ያስመረምራሉ።

ብርድ ብርድ ማለት እንዴት እንደሚጀምር እሱ ያውቃል። የያዘው መረብ እጁ ላይ ከበደው።

«አንተን ግን እግዜር ይስጥህ» አሉት። «ለራሱ ሳይል በእኔ በኩል አቆመልኝ እያልኩ ለሰው ሁሉ ነው የማወራው። እሱን ተማምኜ መስኮቴን ከፍቼ ነው የምተኛው።»

ማውራታቸውንስ ሰምቷል። ወንበሩ ላይ የተቀመጡ ደንበኞቹ «ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው» ሲሉት፣ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን እንዳይጋጠሙ ወደ መቀሱ አቀርቅሮ ያውቃል።

«መስኮቱን ቢዘጉት ይሻላል፣ እትዬ» አለ።

«ለምን?»

«ብርዱ እንዳይመታዎት።»

በዚህ ወበቅ ብለው ሳቁበትና መጋረጃቸውን መልሰው ገቡ።

መረቡን ማሽኑ ላይ ገጥሞ ወደ ወንበሮቹ ተመለሰና ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ። ምሽቱ ለስላሳ ነበር፤ አንድም ትንኝ ጆሯቸው ሥር አልጮኸም። ሻጩ ያለውን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት፤ የእትዬንም ክንድ፣ ብርድ ብርዱንም። ትቆጣኛለች ወይም ታጽናናኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር።

«ስታቆመው አይቼሃለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከልጅቷ ላይ ሳታነሳ። «ትንኝ የሚጠራ ነገር ሲያቆም ሰው ይህን መስኮት እንዴት አያይም ብዬ ነበር። ከነገርኩህ ማሽኑን ለሻጩ ትመልሰዋለህ ብዬ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

ልጅቷ በሣሩ ላይ ተንከባልላ ሆዷን ለሰማይ ሰጥታ ትስቅ ነበር። ከታመመች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰሟትም። ሚስቱ ከንፈሯን ነከሰች፤ ከዚያም ተነሥታ ልጅቷን ከመሬት ብድግ አደረገቻት። ልጅቷ ማልቀስ ስትጀምር እሹሩሩ እያለች ይዛት ገባች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋች።

እሱ ወደ ታችኛው ጥግ ሄዶ የጋዙን መዝጊያ አዞረው። ማሽኑ አንዴ አጉረመረመና ጸጥ አለ። ነገ ወደ ራሱ በረንዳ ይጎትተዋል፤ ወይም ለሻጩ ይመልሰዋል። ዛሬ ግን ዝም ብሎ ሹልክ ማለት ይቻል ነበር። ጀርባውን እንደሰጠ የመጋረጃው ቀለበት ሲንሸራተት ሰማ።

«ምነው፣ ጋዙ አለቀ እንዴ?» አሉ እትዬ። «ካለቀ የእኔን ሲሊንደር ከወጥ ቤት ና ውሰድ። እኔ ብቻዬን ምን እሠራበታለሁ? ልጅቷ ውጭ መጫወቷ ይሻላል።»

ዞሮ እስኪቆም ድረስ ዘገየ።

«አላለቀም፣ እትዬ» አለ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የምነግርዎት ነገር አለኝ።»

እትዬ መጋረጃውን ወደ ጎን ሰበሰቡ። የተነከሰ ክንዳቸውን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አሳርፈው፣ የታመመበትን ቦታ ሊያሳያቸው የመጣ ሰው እንደሚያዳምጡ ሁሉ፣ ጆሯቸውን ወደ እሱ አዘነበሉ።