ውታፏ

ሾፌሩ የመጨረሻውን ሰንሰለት ሲያጠብቅ፣ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ተሳቢው ላይ በተጫነችው አሮጌ ጀልባ ሥር አጎንብሶ ገባ። ጀልባ ከውኃ ስትወጣ ከታች ያለችውን የነሐስ ውታፍ ፈትቶ ያቆረችውን ውኃ ማፍሰስ የዕድሜ ልክ ልማዱ ነበር። ፈታት፤ ውኃው ጎማው ላይ ተንዠቀዠቀ። ውታፏን ግን ለሾፌሩ አልሰጠም፤ እንደ ዘበት ኪሱ ከተታት።

“ምነው አባባ፣ ሆድ ባሰዎት?” አለ ሾፌሩ።

“የሸጡት ዕቃ ምን ያስከፋል? ይልቅ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ቀስ ብለህ ንዳ ልጄ።”

መኪናው ተነሣ። ሽማግሌው በልቡ ያሰላ ነበር፤ እዚያ ማዶ፣ እሱ በማያውቀው ባሕር ላይ የገዟት ሰዎች ሊያወርዷት ሲሉ ቀዳዳዋን ያያሉ። ያኔ መደወላቸው አይቀርም። ሲደውሉ መንገድ እንዳላንገላታት ይጠይቃቸዋል።

መኪናው የወደቡ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት እጁን ዘረጋ።

“አባባ፣ ውታፏን” አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። “ጀልባ ስትሸጡ ሁላችሁም ኪሳችሁ ነው የምትከቷት።”

ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ ሄዶ ሰጠው። መኪናው ከዓይኑ እስኪሰወር ድረስም እጁን ከእርጥብ ኪሱ አላወጣም።