ዘጠነኛው መደብ

የግብርና ትምህርት የሚሰጠው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ዘጠኝ የአትክልት መደቦች ላይ ነበር። ሙከራው ቀላል ነው። በስምንቱ መደብ ያለው ፎሶሊያ ማዳበሪያ ያገኛል፣ ዘጠነኛው አያገኝም፤ ከሁለት ወር በኋላ ልዩነቱ ይታያል። ዘጠነኛውን መደብ የሚፈልግ ተማሪ ጠፋ። ወጣቱ መምህር ለነገረፈጅ ሰጣት።

ይህን ስም ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንዴ አፏን ከከፈተች ደወል እንኳ አያስቆማትም።

"ለምን እኔ?" አለች።

"ስለምትከራከሪ" አላት መምህሩ።

"እንግዲያው ታያላችሁ!"

ማዳበሪያውን በጣሳ እየሰፈሩ የሚያድሉት ጋሽ ቁልፌ ነበሩ። የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው፤ ወገባቸው ላይ ያንጠለጠሉት የቁልፍ መዓት ከሩቅ ይሰማል። ታታሪ ሰው ናቸው። ከሥራ ሲወጡ እንኳ አያርፉም፤ በቀጥታ ሚስታቸው ሱቅ ገብተው ስኳሩንም ጨውንም ሲመዝኑ ያመሻሉ። ከረጢቱን ተማሪ አያስነኩም። ጣቱ የተላጠ አንድ ልጅ "አቃጠለኝ!" ብሎ ሲዘል፣ "ኬሚካል ነው፣ ምን ጠብቀህ ነበር?" አሉት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀበት።

ነገረፈጅ ጣሳ አልደረሳትም። ጠዋት ጠዋት ከሁሉም ቀድማ እየመጣች ታርማለች፣ አፈሩን በጣቷ ታላላለች፣ ውኃ ትቀዳለች። እልኋ ነበር የሚቀሰቅሳት።

አንድ የጎረቤት ቀይ ላም ግን ሁሉንም አስቸገረች። በተቀደደው አጥር ሾልካ ትገባና አፍንጫዋን ከአፈሩ ላይ አታነሳም። ቅጠሉን ባትበላውም መደቡን ትረግጠዋለች። ጋሽ ቁልፌ ባዩዋት ቁጥር ዱላቸውን ይዘው እስከ አስፋልቱ ያባርሯታል። ለተማሪ እንዲህ የሚቆረቆር ሰው የለም ተባለላቸው።

በስድስተኛው ሳምንት የስምንቱ መደብ ቅጠል ከጠርዙ ማረር ጀመረ። ዘጠነኛው አበበ።

መምህሩ ግራ ገባው። ጋሽ ቁልፌን ግን ምንም ግራ አልገባቸውም።

"ከመጋዘን ማዳበሪያ ጎድሏል" አሉ። "ማልዳ የምትመጣው ማን እንደሆነች ዘበኛውን ጠይቁት። የስምንቱን ድርሻ ለብቻዋ ስታጎርሰው ከርማለች!"

ርዕሰ መምህሯ አንድ ወረቀት አዘጋጁ፦ ሰርቄአለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከፈረመች ትማራለች፤ ካልፈረመች ትባረራለች። ልብስ ሰፊዋ እናቷ ተጠርተው፣ ቀሚሳቸው ላይ ብጥስጣሽ ክር እንደተጣበቀ ከች አሉ። ሁሉም መደቡ ዳር ቆሙ።

"ልጄ፣ ፈርሚና እንገላገል" አሉ እናቷ። "ትምህርትሽ ይበልጥብኛል።"

"ያልሰረቅኩትን? እማ ሙች፣ እጄ ይቆረጥ እንጂ አልፈርምም!" ፈርታለች። ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ በለጠ። "በእነዚህ ጣቶች ኮትኩቼ ነው ያሳደግኩት።"

"ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ትከራከሪያለሽ?" አሉ ጋሽ ቁልፌ።

"ጎደለ የሚሉትን ያምጡና ያሳዩኝ!"

"አሁኑኑ ነው የማሳይሽ!"

ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ሄዱ። ግማሹ የጎደለ ከረጢት እየጎተቱ ተመልሰው፣ አፉን ፈትተው ከዘጠነኛው መደብ ራስጌ አቆሙት። "ይኸውላችሁ! ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ማን በላው?"

መምህሩ አንገቱን ደፋ። ርዕሰ መምህሯ እስክሪብቶውን ዘረጉላት።

"ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅሽ።"

ነገረፈጅ እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች። "አልፈርምም። ብባረርም ፎሶሊያው የእኔ ነው።"

እናቷ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። በዚህ መሃል አጥሩ ተንኮሻኮሸ። ጋሽ ቁልፌ ዘወር ብለው ዱላቸውን ፈለጉ፤ መጋዘን ትተውት መጥተዋል።

ቀይዋ ላም የነገረፈጅን ለምለም ፎሶሊያ ሳታሸተው አለፈችና፣ ጭንቅላቷን እስከ ጆሮዋ ከረጢቱ ውስጥ ከትታ፣ ዓይኗን ጨፍና መላስ ጀመረች።