በካሌንደር የተሰፋች ልብስ

ባሌ አንዷለም የዓምናውን የግድግዳ ካሌንደር በመቀስ እየቆራረጠ ነው። እሱ ለሰላም ማስከበር ላይቤሪያ ዘምቶ ሁለት ዓመት ሲቀመጥ፣ እኔ እዚህ ደጋው አገራችን ዘመሮ፣ የመጨረሻውን ዓመት እያንዳንዷን ቀን በእርሳስ እየሰረዝኩ የጠበቅሁበት ካሌንደር ነው። ጥቅምትን ጨረሰና ኅዳርን ጀመረ።

«ምነው፣ ሌላ ወረቀት ጠፋ?» አልኩት።

«ይሄ ጠንከር ይላል።»

መጠንከሩንስ ማን እንደኔ ያውቃል።

የታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ግድግዳችን እስክትዞር ጠብቀን ደጃፉ ላይ አጎዛ አንጥፈን ተቀምጠናል። ጠዋት እንስራው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሠርቶ ነበር፤ ከሰዓት ግን ፀሐይ ያለበት ቦታ ይቻላል። የሚሰፋው የመኝታ ልብስ ነው፤ ሥራው እንዲህ ነው። ወረቀቱን እንደ ማር እንጀራ ስድስት ማዕዘን አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ጨርቁን በላዩ አጥፎ በረጅም ስፌት ያዝ ያዝ ያደርገዋል፣ ከዚያ አንዱን ካንዱ እየገጠመ ይሰፋል። ሁሉም ሲያልቅ ወረቀቱ ከጀርባ ተጎትቶ ይወጣል። እዚያ አገር አንዲት አሮጊት ናቸው ያስተማሩኝ ብሎኛል።

ጨርቁንም ያመጣው ከዚያው ነው። ባቲክ ይሉታል። በቀለጠ ሰም ሥዕል ይሥሉበትና ቀለም ውስጥ ይነክሩታል አሉ፤ ሰም የነካው ቦታ ቀለም አይገባውም። «ሰም ለጧፍ እንጂ ለጨርቅ ይሆናል እንዴ፣ ሰዎቹ ቤተክርስቲያን የላቸውም?» ብዬ ስቄበታለሁ። ማማሩ ግን ያምራል። አረንጓዴው በተለይ የነሐሴ ሣር ነው የሚመስለው።

ሳምንቱን ሙሉ እያየሁ ዝም ያልኩት ወድጄ አይደለም። ልብሷ ትንሽ ናት፤ ለትልቅ ሰው አትበቃም፣ ለመሶብም አትሆንም። ልብ ደግሞ ሞኝ ነው። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን፤ ያልጠጣሁት ጠበል፣ ያልተሳልኩለት ታቦት የለም። ለካ እሱም እንደኔ እየተመኘ ኖሯል ብዬ፣ እውነቴን ነው፣ ሰሞኑን ሽሮ ሳማስል ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

«ላልተፀነሰ ልጅ ልብስ አይሰፋም፣ ሟርት ነው፤» አልኩት፣ እያፈርኩ።

መርፌው ቆመ። ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

«ከሰፋህ አይቀር ከሥሯ የበግ ጠጉር ባና እናድርግላት። እናቴ የሰጠችኝ ቁራጭ አለ፤ ብርድ አያሳልፍም።»

«አይ፣ ስስ ትሁን።»

«ስስ? በዚህ ውርጭ? ልጅ ልትገድል ነው?»

«ይከብዳታል። አገሩ ሙቀት ነው፤» አለ።

ጎረቤታችን ኮከቤ በጎቿን እየነዳች በደጃችን አለፈች። «እንዴት ዋላችሁ?» አለችን። «እግዚአብሔር ይመስገን፤» አልናት፣ ሁለታችንም እኩል።

«የማን ናት?» አልኩት፣ ኮከቤ ስትርቅ።

«የኔ። ከአሮጊቷ ልጅ ነው የወለድኳት። ማክሰኞ ወደዚያ የሚዘምት ጓደኛ አለኝ፣ ላድርስልህ ብሎኛል።» ክሩን እየሳበ፣ «ልነግርሽ ነበር፤» አለ።

«መቼ?»

ክሩን በጥርሱ በጠሰው።

ቀናሁ፤ ምን ልዋሽ። ሴትዮዋን ባገኛት ምን እንደማደርጋት አንድዬ ያውቃል። ከቅናቱ የባሰ ግን ሌላ ነገር ነበር። ይኸን ሁሉ ዓመት ሰው «ምነው ዝም አላችሁ?» ባለን ቁጥር፣ በሆዴ «ምናልባት ከሱ ይሆናል» እያልኩ ነበር የምጽናናው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁን ያ መጽናኛም ቀረ። ከኔ ነው።

ልብሷን ከእጁ ወሰድኳት። የምቀዳድዳት መስሎኝ ነበር፤ እሱም የመሰለው ይኸው ነው፤ ግን አልከለከለኝም። ጭኔ ላይ ዘረጋኋት። ወረቀቱ ገና ስላልወጣ ትንኮሻኮሻለች። ስፌቷ ጥንቅቅ ያለ ነው፤ ለኔ አንድ ቁልፍ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ ተክሎልኝ አያውቅም።

«ስትለያት ምን ታህል ነበር?»

«ትድህ ነበር።» እጁን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ ሊያሳየኝ ሞከረና፣ መልሶ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

ከመጣ ስድስት ወሩ ነው። ስድስት ወር ለልጅ ብዙ ነው። አሁን ቆማ ትሄዳለች፤ ቁመቷም ተመዟል። ልብሷን በስንዝሬ ለካኋት። ደግሜ ለካኋት።

«አንዷለም።»

«አቤት፤» አለኝ። አቤት ብሎኝ አያውቅም ነበር።

«እግሯ ውጭ ያድራል። አንድ ረድፍ እንጨምርላት።»