ቢምቢ መሳቢያዋ

«ዶክተር፣ ይቺንስ ልጣላት?» አለች፣ ጡረታ የወጣችውን ተመራማሪ የምትተካት ወጣት። የያዘቻት ጎማ የተሰካባት የመስታወት ቧንቧ ነበረች፤ ቢምቢ የሚስብ ማሽን ሳይመጣ በፊት፣ ለቫይረስ ምርመራ የሚፈለጉ ቢምቢዎች በአፍ እየተሳቡ የሚያዙባት።

«ኧረ ወዲህ በያት!» አለች ዶክተሯ። ከባሏ ጋር እየተቀባበሉ ስንቱን ቢምቢ ለቅመውባታል! ፍንጭቱ ባሏ፣ «ቢምቢዋን ብትውጫትም ለምሳ ትሆንሻለች» እያለ ያስቃት ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ቧንቧዋን የነካት አልነበረም።

ግድግዳው ላይ አንዲት ቢምቢ አረፈች። ዶክተሯ እንደ ድሮው ጎማውን ነክሳ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ተጠጋች። ምላሷ ጎማው ላይ የቆየ የጥርስ ምልክት ዳሰሰ፤ መሃሉ ክፍተት ነበረው። መሳቡን ረሳችው።

«አመለጠችዎት እኮ!» አለች ወጣቷ።

ዶክተሯ ጎማውን ከአፏ አላወጣችም።