የሲኒቫ ምንጣፍ

በዳይዋ ካሎላይኔ ናት፤ የተበደለችው የወንድሟ ሚስት ሲኒቫ። ወንድምየው በተቀበረ ዕለት ካሎላይኔ ከክብር ቦታዋ ተነሣችና ቀጭኑን የሰሌን ምንጣፍ በብብቷ ሸጉጣ ሄደች። የሲኒቫ እናት ለልጇ «ስትሞቺ ተጠቅልለሽ ትቀበሪበታለሽ» ብላ ዓመት ሙሉ የሠራችው ምንጣፍ ነው። በቶንጋ ደሴቶች የሟች ታላቅ እህት ያማራትን ብትወስድ ተናጋሪ የለባትም።

አልበቃትም፤ በማግስቱ ሲኒቫን ከተማ ላከቻት።

«ለመዝሙር ቀሚሴ ነጭ ክር ግዢልኝ። በዚያውም ስለ ጉሮሮዬ ምርመራ ውጤት ሐኪሙን ጠይቂው፤ እኔ ልምምድ አለብኝ።»

ሲኒቫ ተመለሰች፣ ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ለካሎላይኔ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

«ምንጣፉ ነዋ!» አለ መንደሩ።

የመዘምራን ውድድር ስለ ደረሰ የሁሉም ድምፅ ሰልሏል። በዚያ ሰሞን ድምፁ ያልሰለለ ሰው ሰነፍ ይባላል። የካሎላይኔ የሁሉንም ያስከነዳ ነበር፤ ኮራችበት።

«ካቻምና ሐኪሞች አንጀቴን ጎምደው ሲጥሉት ያልሞትኩ፣ አሁን በመዝሙር ልሙት?» እያለች ታስቃለች።

ሲኒቫ ጠዋት ጠዋት ጎደሬ ቀቅላ፣ ፈጭታ፣ በኮኮናት ወተት አቅጥና ፊቷ ታስቀምጥላታለች።

«ጥርስ ያላወጣሁ ሕፃን አደረገችኝ እኮ! ይሄ ስድብ ነው» አለች ካሎላይኔ። ጠጣችው ግን፤ ሙልጭ አድርጋ።

ልምምድ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ካሎላይኔ በክርኗ ትጎሽማታለች።

«አንቺ ቂመኛ፣ ዛሬም አትናገሪም? ምንጣፍ እኮ ነው የወሰድኩት፣ ምላስሽን አይደለም!»

ሲኒቫ ፊቷን ታዞራለች። ሴቶቹ ልበ ደረቅ አሏት። ሰባኪው እሷን እያየ ስለ ይቅርታ ሰበከ። ሰበብ ፈልጋ ከካሎላይኔ ደጅ ባትጠፋም፣ አፏ አልተከፈተም።

ውድድሩ ባለቀ እሑድ ካሎላይኔ ምንጣፉን ተሸክማ መጣች። የባል ታላቅ እህት በወንድሟ ሚስት ደጅ መሬት ላይ ስትቀመጥ ታይቶ አያውቅም። ተቀመጠች። ከድምፅዋ የቀረው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ይኸው ምንጣፍሽ። ስደቢኝ፣ እርገሚኝ፤ ብቻ አንድ ነገር በይኝ።»

ሲኒቫ ምንጣፉን ተቀበለች፤ ዘረጋችውና መልሳ በካሎላይኔ ትከሻ ላይ ደረበችው።

«እርስዎ ይያዙት፣ እትዬ። ያ የአንጀትዎ ካንሰር ጉሮሮዎ ገብቷል፤ ሐኪሙ የነገረኝ ክሩን የገዛሁ ዕለት ነው።»