ቴሌቪዥኑ ላይ የወጣው የአፀደ ጥልፍ

«እዚህ ቤት አልገባም» አለ ቸርነት፣ ደረጃው ላይ ቆሞ...

የሥራ ጓደኛው ሱዳናዊው ሙዘሚል የቴሌቪዥኑን ካርቶን በአንድ በኩል እንደያዘ ቀረ።

«ያላ ወንድሜ፣ እጄ ሊገነጠል ነው።»

ቸርነት የሚኖረው ዓረብ አገር፣ ደክዋኔ በሚባል የስደተኞች ሰፈር ነው። ሥራው በየሰው ቤት እየዞረ ቴሌቪዥን መስቀል ነው።

ስንት ግድግዳ የበሳ ሰው ሀብታሞች ሰፈር ፋናር ያለውን ይሄን ቤት ማንኳኳት አቃተው...

ሚስቱ አፀደ ስድስት ዓመት እየተመላለሰች የሠራችው እዚህ ነበር።

ከሞተች አምስት ወሯ ነው። አሠሪዋን ማዳም በስልክ እንጂ በመልክ አያውቃትም።

ጠዋት የአራት ዓመት ልጁ መቅዲ እያለቀሰች መጥታ ነበር። የጎረቤት ልጆች «እናትሽ ጠራጊ ነበረች» ብለዋት...

«አባ፣ እማዬ ሌላ ምን ትችል ነበር?»

«ጥልፍ ትጠልፍ ነበር።»

«የታለ?»

የለም። የጠለፈችውን ሁሉ ለሙሽሮችና ለቤተክርስቲያን ሰጥታ ጨርሳዋለች። ለልጇ የሚያሳያት አንድ ክር እንኳ አልነበረውም...

ግን ሥራው ነውና ገባ። ማን እንደሆነ ሳይናገር ቴሌቪዥኑን ሰቀለው።

ቴሌቪዥኑ የማይታይበት ሰዓት ስዕል የሚሆን ዓይነት ነው። ዙሪያው እንጨት፣ ልክ እንደ ስዕል ፍሬም።

ሙዘሚል ሀብታም ሲሰለቸው ቴሌቪዥኑንም ዝም ያሰኘዋል ብሎ በሹክሹክታ አሾፈ።

ሳሎኑ እንግዳ ሞልቶታል። ማዳሟ ስልኳን ነካ ነካ አደረገች...

የተሰቀለው ቴሌቪዥን ላይ ሁለት ርግቦች ወጡ። በቀይና በአረንጓዴ ክር የተጠለፉ።

እንግዶቹ ከየትኛው ጋለሪ እንደሆነ ጠየቁ። አንዷ የጣሊያን ነው ብላ ደመደመች።

«የአፀደ ነው» አለች ማዳሟ።

እሷ ራሷ ልትጥለው በነበረ አንሶላ ላይ፣ ሠራተኛዋ አፀደ በምሳ ሰዓቷ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የጠለፈችው መሆኑን ነገረቻቸው። ከሞተች በኋላ ከሚተኮስ ልብስ መሀል ተጣጥፎ አግኝታ፣ እንዳለ ፎቶ አንስታዋለች።

ቸርነት ገና መሰላሉ ላይ ነው። አተኩሮ አየው...

ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«ማዳም፣ ይሄ ጀርባው ነው።»

ሁሉም ዞረው አዩት።

«ጥጉ ላይ ቋጠሮ አለች። ቋጠሮ በፊት በኩል አይታይም።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ባሏ ነኝ። ቤት ስትጠልፍ መብራት ከጠፋ የስልኬን ብርሃን የምይዝላት እኔ ነበርኩ። ጥልፍ የሚመዘነው በጀርባው ነው ትለኝ ነበር።»

ማዳሟ ወደ ጓዳ ሄደች። ጨርቁን አምጥታ ገለበጠችው...

ርግቦቹ ከጨርቁ ላይ ሊነሱ የደረሱ ይመስሉ ነበር።

እንግዶቹ አንድ በአንድ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ስድስት ዓመት...» አለች ማዳሟ። «እሷንም ያየኋት ከጀርባዋ ነው። ዕቃ ስታጥብ... ምግብ ስትሠራ...»

ከዚያ ጨርቁን አጥፋ እጁ ላይ አኖረችው።

«እኔ ፎቶው ይበቃኛል። ይሄ የልጇ ነው።»

ማታ ደክዋኔ... መቅዲ የጎረቤት ልጆችን ሰብስባ ጨርቁን ዘረጋች።

«እማዬ ናት የሠራችው» አለች አንገቷን ቀና አድርጋ። «ፊቱን ቆይ አሳያችኋለሁ... መጀመሪያ ጀርባውን እዩ።»

ወዳጆቼ... የሰው ቤት መጥረግ ነውር አይደለም። ነውሩ፣ መጥረጊያ የያዘው እጅ ሌላ ምን እንደሚችል ሳንጠይቅ ዓመታት ማለፋችን ነው።

እናንተስ... እናታችሁ በእጇ ሠርታው፣ ማንም ሳያይላት የቀረ ነገር ምንድነው?

ከስሟ ጋር ጻፉልን። ዛሬ እኛ እንይላት...