የኔልዳ መኪና ጉዳይ

ሆይት ጋዜጣውን አጣጥፎ በአጥሩ ላይ ለጎረቤቱ ለኔልዳ ዘረጋላት። "አራት ጨዋታ!" አለ። "አዲሱን ተጫዋቻችሁን ታቪስን አራት ጨዋታ ቀጡት። እኔ ብሆን ዓመቱን ሙሉ ነበር የማስቀምጠው።"

ኔልዳ ጋዜጣውን አልተቀበለችውም። የቤቷ ደረጃ ላይ ተቀምጣ የመኪናዋን ቁልፍ በጣቷ ታዞራለች። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ቢሆን ነው፤ የአላባማ ሙቀት ግን ከወዲሁ ሸሚዝ ከጀርባ ያጣብቃል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ተጎራብተዋል። እሷ የካሃባ ኮሌጅ ደጋፊ ናት፣ እሱ የሃርዊክ። ሁለቱ ኮሌጆች በኅዳር በአሜሪካ ፉትቦል ሲገጥሙ እነሱም ሳምንት ሙሉ ይኮራረፋሉ፤ ከዚያ ቡድኑ የተሸነፈበት ኬክ ጋግሮ አጥሩን ይሻገራል። የሆይት ኬክ አይበላም። ኔልዳ ግን እስካሁን አንድም ቀን አልመለሰችበትም።

"ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው" አለ ሆይት፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ። "ተጫዋች ለማስመጣት ብሎ ቤተሰቡን ማባበል ክልክል ነው። እናንተ ግን አመላችሁን አትተዉም።"

"የእናንተ ተከላካይ አባትስ? ልጁ በፈረመ በወሩ በአዲስ ጀልባ ዓሣ ሲያጠምድ የከረመው?"

"ሎተሪ ደርሶት ነው!"

"አላባማ ውስጥ ሎተሪ የለም፣ ሆይት።"

"ጆርጂያ ሄዶ ነው የቆረጠው።"

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ቁልፉን አጠገቧ አስቀመጠችና "ታቪስን በምን እንደቀጡት ጋዜጣው ይናገራል?" ብላ ጠየቀችው።

"ያልተፈቀደ ጥቅም ይላል። ምን እንደሆነ አልጻፉም።"

"ጥቅሙ እኔ ነኝ።"

"እንዴት?" አለ ሆይት፣ ጋዜጣውን ወደ ራሱ እየሳበ።

"እናቱ ቬርኔል ኩላሊቷ ሥራ አቁሟል። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት አላት፤ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው፣ አውቶቡስ የለም። ከመጋቢት ጀምሮ የማመላልሳት እኔ ነኝ።" ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። "የዓመት ትኬት እገዛለሁ፣ ለደጋፊዎች ክለቡም አዋጣለሁ። ስለዚህ በደንቡ መሠረት የኮሌጁ ደጋፊ ነኝ። ደጋፊ ደግሞ የተጫዋች እናት በመኪናው መጫን አይችልም። ትናንት ከኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ደብዳቤ ደረሰኝ። ደጃፏ ብደርስ ልጁን ዓመቱን ሙሉ ያግዱታል።"

"ሳያጣሩ?"

"አጣሩ እንጂ። ተጭናለች ወይ ብለው ጠየቁ። ተጭናለች።"

ሆይት የአጥሩን እንጨት ያዘ። ሐምሌ ላይ ነበር። መኪናዋ እነታቪስ ቤት ደጃፍ ቆማ ደጋግሞ አይቷል፤ ልጁ ካሃባን መምረጡም ያን ሰሞን ተወርቷል። የጥቆማ መቀበያ ስልክ ላይ ደወለና ስሙን ሳይናገር ያየውን ተናገረ። ያን ቀን እራቱ ጣፍጦት ነበር። አሁን ያስጨነቀው ይኸው ነው፤ መደወሉ ሳይሆን ደስ ማለቱ።

"ኔልዳ" አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። "የደወልኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ትናንት የማኅበሩ መርማሪ ደውላ ጥቆማውን አነበበችልኝ። 'ማርሚታዋ የተበሳ መኪና፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ልክ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ትነሳለች' ይላል። ከአንተ ሌላ በዚያ ሰዓት የኔን ማርሚታ የሚያዳምጥ ማን አለ?"

"ታዲያ ምነው አንድ ቃል እንኳ አልተናገርሽኝ?"

"ትናንት ስሰድብህ ነው የዋልኩት። ቤት ውስጥ ሆኜ ስለሆነ አልሰማኸኝም።"

መንገዱ ማዶ አንድ ሰው ሣሩን ውሃ ያጠጣል።

"ዛሬ ሐሙስ ነው" አለ ሆይት።

"ነው።"

"ማን ያደርሳታል?"

"ማንም። የእህቷን ልጅ ለምና ነበር፤ ሥራ አለኝ አላት። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ መገኘት አለባት።"

ሆይት ሰዓቱን አየ። "አንድ ነገር መልሺልኝ። እኔ የካሃባ ደጋፊ ነኝ?"

"አንተ? ካሃባ በእሳት ቢያያዝ አንድ ባልዲ ውሃ አታቀብልም።"

"እንግዲያው ደንቡ እኔን አያውቀኝም።"

ኔልዳ ቀና ብላ አየችው። "እርግጠኛ ነህ? ደውለን እንጠይቅ እንዴ?"

"ቁጥሩ እኔ ጋ አለ" አለ ሆይት፣ ፊቱ ቀላ። "መንገድ ላይ እደውላለሁ።"

ወደ ፒክአፑ ሲሄድ ከኋላው ተጣራች። "የፊቱን ወንበር ወደ ኋላ ግፋላት! ግራ ክንዷን እንዳትይዝ፣ መርፌው የሚገባበት ነው። ስትመለስ ይደክማታል፤ በወሬ እንዳታደርቃት!"

ቬርኔል በረንዳዋ ላይ ለብሳ፣ ተጫምታ ተቀምጣ ነበር፤ ማንም እንደማይመጣ እያወቀች። የማታውቀው ፒክአፕ ሲቆም ዓይኗን አጠበበች። ሆይት ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ።

"ሆይት እባላለሁ፣ የኔልዳ ጎረቤት ነኝ። ላደርስዎ ነው የመጣሁት።"

"ኔልዳ የነገረችኝ ጠቋሚ?"

"አዎ፣ እኔው ነኝ።"

ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጭኗ ላይ የነበረውን ብርድ ልብስ፣ እጥበቱ ላይ ስትሆን ስለሚበርዳት የምትይዘውን፣ አጣጥፋ ወደሱ ዘረጋች። ሆይት ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ ተቀበላት፤ እሷም የደረጃውን ብረት ይዛ ቀስ ብላ መውረድ ጀመረች።